ሳይቀዘቅዝ የተመዘነ

አንጋፋው ኬሚስት አናቱን ተመቶ ሚዛን ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ጠዋት ነው። ረፋዱ ላይ ጥፋተኛ ተገኝቶለት ነበር፤ ድሃ እያለ ጥፋተኛ መች ይታጣል! የመጫወቻ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቁልፍ ይዛለች ብሎ ስለጠቆማት፣ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላት የጽዳት ሠራተኛ በካቴና ታስራለች። መርማሪዋ ስታያት ደሟ ፈላ። ሟቹ፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ ሚዛን» የሚለው፣ አስተማሪዋ ነበር።

ረዳቱ እያለቀሰች አስረዳቻት። ጋሼ በልጆች መጫወቻ ቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ የሚባል መርዝ አዝቅጦ፣ በትንሽ የሸክላ ጽዋ አቃጥሎ ይመዝን ነበር። ቁጥሩ ከበዛ መጫወቻው ለገበያ አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሽማግሌው በእርጅና መሳሳት ጀምሮ ነበር አለ። መርማሪዋን የጨበጣት በግራ እጁ ነው።

የጋሼ የሥራ መዝገብ ላይ ሚዛኑ ያተማቸው ሦስት ወረቀቶች ተለጥፈዋል። 18.4312 እና 18.4311 ተሰርዘዋል፤ የቀረው 18.4107 ግራም ነው። መርማሪዋ ጽዋዋን ከነዝቃጯ እንደተማረችው አሙቃ፣ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዛ መዘነች። 18.4311። ጥርሷን ነክሳ ረዳቱን፣ ሥራ አስኪያጁንና እትዬን ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ክብደቱ ሁለቴ ከገጠመ ሥራው አለቀ ይል ነበር። ሦስተኛው ከየት መጣ?»

ሥራ አስኪያጁ ስህተቱን አርሞ ነዋ አለ።

«ስህተቱስ ሦስተኛው ነው። ትኩስ ጽዋ ዙሪያውን ያለውን አየር አሙቆ ሽቅብ ስለሚያስነሳው ቀሎ ይታያል። ጋሼም ረዳቱም ሳያቀዘቅዙ አይመዝኑም። እትዬን ደግሞ ቁጥሩ ቢያንስ ምን ይጠቅማታል?» እስካሁን ‹እርስዎ› ትለው የነበረውን ሥራ አስኪያጅ ‹አንተ› አለችው። «ቁጥሩን ቀይር አልከው፣ እንቢ አለህ፣ ገደልከው። ሚዛኑ ያተመው ወረቀት ከሌለ የሚያምንህ ስለሌለ፣ እንደገና ሲቃጠል ይቀንሳል ብለህ ጽዋዋን ወደ ምድጃ መልሰህ፣ ሳትቀዘቅዝ መዘንካት። ቀኝ እጅህን አውጣ!»

አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ውኃ ቋጥረዋል። ቅላቱ የጠፋ ሸክላ የበረደ ይመስላል፤ ሥራውን የማያውቅ በጣቱ ያነሳዋል።

«ሬሳ አጠገብ ግማሽ ሰዓት መቆም አቃተህ» አለችው። «ብትታገሥ ኖሮ ያንኑ የጋሼን ቁጥር ታገኝ ነበር።»

ካቴናው ከእትዬ እጅ ወልቆ እሱ እጅ ላይ ገባ። እትዬ አንጓዋን እያሻሸች ፊቱ ቆመች።

«ስታስይዘኝ ዓይኔን እንኳ አላየህም» አለችው። «አሁን እየኝ።»

አላያትም። ሲወስዱት እትዬ ሚዛን ክፍሉ ገብታ የሚዛኑን የመስታወት በር ዘጋች፤ ጋሼ ክፍት ሲያድር አይወድም ነበር።