ከታንኩ የወጣው ጥቁር ውሃ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፣ ልጆቼ። ይቺን የፉሪ ጋራዥ ነገር ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ደስ አትልም፣ ግን መሰማት አለባት።

ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ጋራዡ ስትደርስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆኗል። ግቢው ተዳፋት ነው፤ የተቃጠለ ዘይትና የቆመ ውሃ ይሸታል። መካኒኩ አባይነህ ከአንድ አሮጌ ተሳቢ ጎማ ሥር ወድቋል፤ ፊቱ ላይ የሥራ ቱታ ጣል አድርገውበታል። ተሳቢው ከመኪናው ተፈቶ ብቻውን የቆመ ነበር፤ አባይነህ ከፊቱ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ተንሸራቶ ነው የጨፈለቀው። ሾፌሩ ኮርሳ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል።

የጋራዡ ባለቤት አቶ ሕዝቅኤል ነገሩን ቶሎ አስረዳት። ኮርሳ ትናንት ተሳቢውን ሲፈታ የአየር ቱቦውን ነቀለ፤ አየሩ ወጣ፤ ፍሬኑ ለቀቀ።

«አየር ከሌለ ፍሬን በምን ይይዛል? ሃያ ዓመት ፍሬን የጠገንኩ ሰው ነኝ እኮ» አላት። እሱ ቢሮው ውስጥ እንደነበርና ጩኸት ሰምቶ እንደወጣ ጨመረላት።

ጸሐይወርቅ ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። ሰው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፤ የእሱ ጫማ ግን ታጥቦ ያበራል። የቀኝ እጅጌውም እስከ ክርኑ ድረስ እርጥብ ነው።

ኮርሳ ሦስት ልጆች አሉት፤ እሱ ከታሰረ የሚያበላቸው የለም። ቱቦውን መንቀሉን ግን አልካደም።

«ነቅያለሁ፣ እትዬ። ስነቅለው ፍሬኑ ጭራሽ ያዘ። ታኮም አድርጌበታለሁ።»

ታኮው፣ ጎማ ሥር የሚደረገው ድንጋይ፣ አጥሩ ጥግ ተጥሏል። ጎማ የገፋው ድንጋይ ጎማው ፊት ይገኝ ነበር እንጂ አራት እርምጃ ወደ ጎን አይሄድም።

ኮርሳ ሌላም ነገር ነገራት። ከዚህ በፊት እዚሁ ጋራዥ ተጠግኖ የወጣ ሌላ ተሳቢ ጀሞ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው ገድሏል። አባይነህ ያንን ተሳቢ ሲፈታ ያገኘውን የፍሬን ቫልቭ፣ አየር የሚያሳልፍና የሚዘጋ ዕቃ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጧል። ሰኞ ለፖሊስ እንደሚያስረክብ ለሕዝቅኤል ፊት ለፊት ነግሮታል።

ዘበኛው ጋሼ ሙሴ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ኮርሳ ከበሩ ማዶ ፉል ሲበላ በዓይናቸው አይተዋል። ያኔውኑ ከግቢው ውስጥ አየር ረዘም አድርጎ ሲተነፍስ፣ ቀጥሎም ጩኸት ሰሙ።

«ሮጠው ሲመጡ ሕዝቅኤልን የት አገኙት?»

«ቧንቧው ጋ፣ ልጄ። ይታጠባል። አባይነህ ገና ያቃስት ነበር።»

ጸሐይወርቅ ፊቷን አዙራ ምራቋን ተፋች።

የተሳቢውን የአየር ታንክ ማፍሰሻ፣ የተጠራቀመ ውሃ የሚወጣበትን፣ በእጇ ሞከረችው፤ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ብትከፍተው እፍ እንኳ አላለም፤ ታንኩ ባዶ ነው።

አስከሬኑ ሲነሣ ሁሉንም ሰበሰበች። የኮርሳን ካቴና አስፈታች፤ ከጎማዎቹ ፊት ትልልቅ ድንጋይ አስጠግታ አስደረገች። ኮርሳ መኪናውን አስጠግቶ ቱቦዎቹን ብቻ ገጠመ፤ ታንኩ በአየር ሞላ።

«አሁን አየር የሚያስገባውን ቀዩን ቱቦ ንቀለው» አለችው።

ቱቦው ሲነቀል ድንጋዮቹን ትንሽ ራቅ አስደረገች፤ ተሳቢው ድርቅ ብሎ ቀረ። አራት ጎረምሶች ቢገፉትም ንቅንቅ አላለም።

«እዚህ ሥር ያለችው ቫልቭ ሥራዋ ይኸው ነው» አለች። «ከመኪናው የሚመጣው አየር ሲቋረጥ፣ የተሳቢውን የራሱን ታንክ አየር ወደ ፍሬኑ ትልካለች። ተሳቢ መንገድ ላይ ቢበጠስ ሰው ሳይፈጅ እንዲቆም።»

ከዚያ አንዱን ፖሊስ ማፍሰሻውን እንዲከፍት አዘዘችው። ጥቁር፣ ቅባታም፣ የሚከረፋ ውሃ ተፈናጥሮ ቀኝ እጅጌውንና ጫማውን አለበሰው። አየሩ እየተነፈሰ አለቀ። ተሳቢው ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ድንጋዩ ላይ ቆመ።

«ጠዋት የሰማሁት ይኼንኑ ነው» አሉ ጋሼ ሙሴ።

«ስለዚህ አየሩ እስከ ጠዋት ታንኩ ውስጥ ነበር። ያኔ ኮርሳ ፉል ይበላል። ማፍሰሻው በራሱ ተፈቶ ቢሆን ደግሞ ክፍት ባገኘሁት ነበር። መካኒክ ግን በየጠዋቱ የታንክ ውሃ ያፈስሳል፤ አፍስሶም ሳይዘጋ አይሄድም። አንተም ድንጋዩን አነሣህ፣ ከፈትክ፣ ሰው ሞተልህ፣ እጅህ እንደለመደው ዘጋህ፣ የረጨህን ጥቁር ውሃም ከእጅጌህና ከጫማህ ታጠብክ» አለችው ሕዝቅኤልን። «ቱቦ ሲነቀል ፍሬን ይለቃል ብሎ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ባለማወቅ ነው እል ነበር። አንተ ግን ሃያ ዓመት ጠግነሃል።»

ከአባይነህ ቦርሳ የወጣውን ጨርቅ ፈታችው። ቫልቩ ላዩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የውስጡ ጎማ ግን የተቀደደ ነው። ሕዝቅኤል ለጀሞው ተሳቢ አዲስ ብሎ የገጠመው እሱን ነበር።

ሕዝቅኤል ካቴና ገብቶለት ሲወስዱት ጫማው እንዳይበላሽ ኩሬውን ዞሮ አለፈ። ጸሐይወርቅ ማየት አስጠልቷት ዓይኗን ወደ ኮርሳ መለሰች። እሱ አንጓውን እያሻሸ ለሚስቱ ይደውላል።

እናንተም፣ ልጆቼ፣ ጫማ አጣቢውን እርሱት። ያቺን የተቀደደች ጎማ በጨርቅ የጠቀለለውን አባይነህን ግን አደራ አስቡልኝ።