ትንሹ፣ ስንት ሰዓት ነው?

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ የሆነውን ነው።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። እኔ ደግሞ ከጋሼ ጋር እንተኛበት በነበረው ክፍል ውስጥ አሮጌውን ኮምፒውተራችንን ፈታትቼ ተቀምጫለሁ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሞተ ገና ወር አልሞላውም።

አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ሁሉ "ጠንካራ ልጅ ነው" አለኝ። ጥንካሬ አልነበረም። የጥርስ ሐኪም ካደነዘዘው በኋላ ድዳችሁ እንዴት ነው? እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቢነክሱኝም አይሰማኝም።

ኮምፒውተሩ የሁለታችን ነበር። አንዳችን የሌላውን እንዳንነካ ጋሼ ለሁለት ከፍሎታል። ሲነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለት ስም ይመጣል... ከላይ "ጋሼ"፣ ከታች "ትንሹ"። በፈለጋችሁት በኩል ትገባላችሁ። ስሞቹን ያወጣው እሱ ነው። ከላይ ማን እንደሚሆን መቼም አላማከረኝም።

አንድ ያልተከፈለ ነገር ነበር።

ሰዓቱ።

ሰዓቱ ለሁለታችንም አንድ ነው። እኔ በፈረንጅ አቆጣጠር እሞላዋለሁ፣ ጋሼ ሲገባ በኛ አቆጣጠር ያደርገዋል። ስለዚህ ሰዓቴን በስድስት ሰዓት ተዛብቶ ካገኘሁት፣ ጋሼ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ስንት ቀን ተጨቃጭቀንበታል።

በኋላ ጭቅጭቁ ጨዋታ ሆነ። "ትንሹ፣ ስንት ሰዓት ነው?" ይለኛል ሆን ብሎ። "በማን?" እለዋለሁ። እማ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እማ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ።

"ድምፁ እየጠፋብኝ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "እማ ሲለኝ... እንዴት አድርጎ ነበር?"

ጋሼ የሬዲዮ ሰው መሆን ይመኝ ነበር። ድምፁን እየቀዳ ይለማመዳል። ቅጂዎቹ ያሉት በሱ በኩል ብቻ ነው፤ ስለቆለፋቸው በኔ በኩል ገብቼ ልከፍታቸው አልችልም። የሱ ድርሻ ደግሞ አልነሳ ብሏል። "ጋሼ" የሚለውን ስመርጥ ስክሪኑ ይጨልምና ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።

በቃ። ሌላ ምንም የለም።

ያልሞከርኩት የለም። አቧራውን አራገፍኩ። ራም የሚባለውን ማስታወሻውን አውጥቼ በላጲስ ጠረግኩት። የሰዓቱን ባትሪ በአዲስ ቀየርኩ። በፍላሽ ላስነሳው ታገልኩ። የስፒከሩ ገመድ እግሬ ላይ ሲጠመጠም ነቅዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት።

"ጋሼ"... ሰረዝ።

"ጋሼ"... ሰረዝ።

ሲሰለቸኝ በኔ በኩል ገባሁ። ባትሪውን የቀየርኩ ጊዜ ሰዓቱን በፈረንጁ ሞልቼው ነበር። ሦስት ማለት አለበት።

ዘጠኝ ይላል።

አስተካከልኩት። ዘጋሁት። እንደገና አስነስቼ፣ "ጋሼ" የሚለውን ሳልነካ በቀጥታ በኔ በኩል ገባሁ።

ዘጠኝ።

ሰፈራችን ኮምፒውተር የሚጠግን፣ "ዶክተር" የምንለው ልጅ አለ። ደወልኩለት። ባትሪው ነው አለኝ። አሁን ነው የቀየርኩት አልኩት። እንግዲህ ያረጀ ዕቃ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ የሱን ድርሻ ፎርማት አድርገህ፣ ደምስሰህ ተገላገል አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ልብ ያልኩት። ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ወደ ድሮ ቀን ይመለሳል እንጂ በኛ አቆጣጠር መቁጠር አይጀምርም።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። ጣቶቼ ብቻ ቀዝቅዘው ነበር።

የዶክተርን ምክር ተከትዬ ኮምፒውተሩን የጋሼን ድርሻ እንዲደመስስ አዘዝኩት። "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጣቴ አልንቀሳቀስ አለኝ። ለእማ ሳልነግራት ልጇን ሁለተኛ ልቀብረው ነው። ስክሪኑን እንዳለ ትቼው ወደ ሳሎን ወጣሁ።

"እማ፣ አልሆነልኝም" አልኳት። "ድምፁን ልናጣው ነው።"

ከልብሱ ላይ ቀና አላለችም። "ጠዋት አሰምተኸኝ የለም እንዴ?" አለች።

"ጠዋት ሥራ ቦታ ነበርኩ እኮ።"

"ክፍላችሁ ውስጥ ስትጫወቱ ሰማኋችሁ" አለች፣ እጅጌ እያስተካከለች። "እሱም... አንተም።"

አንተም።

በዚህ መሐል ከኋላዬ፣ ከክፍሉ ውስጥ ድምፅ መጣ። ስፒከሩ አልጋ ሥር ነው። ገመዱ የትም አልተሰካም።

"ትንሹ፣ ስንት ሰዓት ነው?"

ጋሼ ነው። ራሱ ነው፣ ሳቁን አፍኖ ሲያወራ።

ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተላወሰ። ላለቅስ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልመልስለት ዞርኩ።

ቀደመኝ።

"በማን?" አለ ከዚያው ክፍል... የኔ ድምፅ።

እማ ሳቀች። እንደ ድሮዋ። ያጠፈቻቸውን ሁለት ሸሚዞች አንስታ ተነሳችና በአጠገቤ አለፈች። ቀሚሷ እጄን ነካው፣ ምንም አልተሰማኝም።

"እማ" አልኳት።

ዞር አላለችም። "መጣሁ ልጆቼ" እያለች ወደ ክፍሉ ገባች።

በሩ ላይ ቆሜ ስክሪኑን አየሁት። እንዳለ ትቼው ነበር የወጣሁት፣ ወይስ እሺ የሚለውን ተጭኜ? አላውቅም። "እርግጠኛ ነህ?" የሚለው ጥያቄ የለም። ከላይ "ጋሼ" ይላል።

ከታች፣ የኔ ስም በነበረበት ቦታ፣ ሰረዟ ብልጭ ድርግም ትላለች።