ሻንጣ ያልያዙት ሁለቱ

ኮከብ ነገሩን ያስተዋለችው ባቡሩ ከአዳማ ጣቢያ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነበር። በፉርጎው ውስጥ ሻንጣ ያልያዙት እሷና ሶፊ ብቻ ናቸው። ከራሳቸው በላይ ያለው መደርደሪያ በሻንጣና በማዳበሪያ ከረጢት ተጣቧል። አንዱ ብርድ ልብሱን ጠቅልሏል፣ ሌላዋ የስፖንጅ ፍራሽ አጥፋ ጭናለች። እነሱ ያላቸው የትምህርት ቤት ቦርሳና አንድ ላስቲክ ቆሎ ነው።

«ሶፊ፣ ሰዉ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ነው እኮ የሚሄደው» አለች በሹክሹክታ።

«ታዲያ እኛ ምን አገባን? ለሽርሽር ነው የወጣነው። ፈታ በይ!» ሶፊ ስልኳን ወደ መስኮቱ አዙራ ወደ ኋላ የሚሸሸውን ማሳ ትቀርጻለች።

ሐሳቡ የመጣው ከሶፊ እህት ከጉዲቱ ነበር። ጉዲቱ የምትኖረው ሆላንድ ነው። ባለፈው ወር በላከችው ቪዲዮ ጠዋት ባቡር ተሳፍራ ጎረቤት አገር ብራስልስ ትገባለች፤ አደባባዩ ላይ ድንች ጥብስ ትበላለች፤ ማታ ቤቷ ተመልሳ ጫማዋን ታወልቃለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሁለቱን ያስቀናቸው ይኸው ቀላልነቱ ነበር። «እኛስ ባቡር የለንም እንዴ? ጠዋት ድሬዳዋ፣ ማታ አዳማ!» አለች ሶፊ። ኮከብም ለእናቷ የቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት እስከ ማታ ይቆያል ብላ ወጣች። እናቷ ወይዘሮ አበዛሽ ልጃቸው ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ ክፉ ክፉው የሚታያቸው ሴት ናቸው። ዛሬም በር ድረስ ሸኝተው፣ ባጃጅ ላይ ከዳር እንዳትቀመጥ አስጠንቅቀዋታል።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ሲያዩአቸው ቆይተው ጠየቁ። «ዕቃችሁስ?»

«ዕቃ የለንም እትዬ። ማታ እንመለሳለን» አለች ኮከብ።

«በምን?»

«በባቡሩ ነዋ።»

ሴትዮዋ ሊስቁ አሉና ተዉት። «ልጄ፣ ይኼ ባቡር ዛሬ ድሬ ነው የሚያድረው። የሚመለሰው ነገ ነው። በመኪና እንዳትይ፣ መንገዱ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። እኔስ መተሐራ ቤቴ ለመግባት ባቡር የያዝኩት ለዚያ አይደል?»

ኮከብ ወደ ሶፊ ዞረች። ሶፊ ሰምታለች፣ ግን አልደነገጠችም። ኮከብን ያስፈራት ይህ ነበር።

«ታውቂ ነበር።»

«አታካብጂ። ማረፊያ አለን፣ ዲቤ ይቀበለናል።»

«ዲቤ ደግሞ ማነው?»

«ዲበኩሉ። በቴሌግራም ነው የተዋወቅነው። ጉዲቱ ጋ የሚያደርስ መንገድ ያውቃል። ትኬቱን ራሱ እሱ ነው ያስቆረጠልን።» ሶፊ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አሪፍ ሰው ነው ባክሽ። ብቻሽን አትምጪ፣ ጓደኛሽንም ይዘሽ ነይ አለኝ። ፎቶሽን ስልክለት ደስ አለው።»

«የኔን ፎቶ?»

«እና ምን? ደግሞ አዋሽን ስናልፍ ስልካችንን እናጥፋ ብሏል። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ስለሌለ ባትሪ እንዳንጨርስ።»

ከመስኮቱ ውጪ የበሰቃ ሐይቅ ብቅ አለ። ውሃው መሐል የደረቁ ዛፎች ቆመዋል። ኮከብ ስልኳን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ኮኪ፣ እንዳታብጂ!»

«እማዬ... ትምህርት ቤት አይደለሁም።»

ከስልኩ ወዲያ የሚሰማው የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ቀጥ አለ። ኮከብ ጩኸቱ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ባቡሩን፣ ድሬዳዋን፣ ዲበኩሉን፣ ፎቶውን ሁሉንም ሳትተነፍስ ተናገረች።

«አጠገብሽ ትልቅ ሴት አለች?» አሉ እናቷ በመጨረሻ። «ስልኩን ስጪያት።»

ሴትዮዋ ብዙ አዳመጡ፣ ጥቂት ተናገሩ። «መሪማ እባላለሁ... መተሐራ ነኝ... አብሽሪ እህቴ። አደራሽን ተቀብያለሁ፣ ከኔ ጋር ወርደው ቤቴ ያድራሉ፤ ዋላሂ እስከ ነገ ባቡር ከዓይኔ አይጠፉም» ብለው ስልኩን መለሱ።

ባቡሩ መተሐራ ጣቢያ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ቀሽም!» አለች ሶፊ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «አንቺ ውረጂ። እኔ አልወርድም።»

እትዬ መሪማ ለመኗት፣ ተቆጧት። ሶፊ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ሙጭጭ አለች። ኮከብ ጓደኛዋን አየቻት። ጎትታ እንዳታወርዳት ሶፊ በጉልበት ትበልጣታለች። ከዚያ ከእጇ ላይ ስልኳን መንጭቃ ወደ በሩ ሮጠች። ሶፊ አገሯን ጥላ ልትሄድ ቆርጣለች፤ ስልኳን ግን ጥላ አትሄድም። እየጮኸች፣ እየተሳደበች እስከ ጣቢያው ወለል ድረስ ተከተለቻት። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

እትዬ መሪማ ቤት ደረሱ። ሶፊ ምሳ አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። የሶፊ አባት አቶ ነጋሳ ከወይዘሮ አበዛሽ ሰምተው፣ ደውለው «ነገ እንገናኛለን» ብቻ አሉ። የሶፊ ስልክ በኮከብ እጅ እየነዘረ ዋለ። ድምፁ ጠፍቶ የዲበኩሉ ጽሑፍ ብቻ ይመጣል።

«የኔ ቆንጆዎች፣ የት ደረሳችሁ?»

«ለምን አታነሺም?»

ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ መጣ። «መተሐራ ምን ትሠራላችሁ?»

ኮከብ ጽሑፉን ለሶፊ አሳየቻት። «ሶፊ... መተሐራ መሆናችንን እንዴት አወቀ?»

ሶፊ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ሎኬሽኔን... ያለሁበትን እንዲያይ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼለት ነበር።» አጠገቧ መጥታ እጇን ያዘች። «አጥፊው ኮኪ። ያወራነውን ሁሉ አጥፊው። አባዬ ካነበበው አበቃልኝ። በናትሽ፣ እሱን ካጠፋሽልኝ ዛሬ ያደረግሽኝን ሁሉ እረሳዋለሁ።»

የኮከብ አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ ቆመ። አንዴ ብትነካው ጓደኛዋ ትመለስላታለች። ግን በዚያ ሰው ስልክ ውስጥ የሷ ፎቶ አለ። ሌላስ የማን የማን አለ? ሎኬሽኑን ዘጋች። ጽሑፉን አልነካችም። ጓዳ ላሉት ለእትዬ መሪማ ልትነግራቸው ተነሣች፤ ሰምተው ከቤቴ ውጡልኝ ቢሉስ?

«እትዬ፣ ሰውየው ያለንበትን አውቆታል። ይኼን ያንብቡት።»

እትዬ መሪማ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ በአጥሩ ላይ «አብዱልሃኪም!» ብለው ጎረቤት የሚኖረውን ወንድማቸውን ተጣሩ። «ፖሊስ ጣቢያ ሂድና የማውቀውን ሳጅን ይዘህ ና!»

ሳጅኑ መጣ፣ ከስልኩ ላይ ቁጥሩን መዘገበ፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳይከፍቱ ተናግሮ ሄደ። አብዱልሃኪም ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ሶፊ ኮከብን ቀና ብላ አላየቻትም። ውጪ አንድ ሞተር ሳይክል እየተንቀረፈፈ መጣ። ከበሩ ትይዩ ሲደርስ ይበልጥ ዝግ ያለ መሰለ። አብዱልሃኪም ከወንበሩ ተነሣ። አለፈ።

እትዬ መሪማ ቁልፉን በብረቱ በር ላይ አዞሩት። ሶፊ ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ በባዶ እግሯ ሄዳ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ የላይኛውን መቀርቀሪያ ጨመረችበት።