ከገንዳው እስከ መስኮቱ

ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስንት ዓመት በየሰንበቱ ፊታችሁ ቆሜ ስለ ሌሎች ልጆች ሳወራ፣ ይህችን ልጅ እየዘለልኳት አልፌያለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ስናገር ፊቴ ከቀላ ደግሞ እኔን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ።

ልጅቷ ኢሪኒ ትባላለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከማላዊ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሸንኮራ አገዳው እርሻና በባቡሩ ሐዲድ መካከል ባለች መንደር ነው። አባቷ ሙሪስ በስኳር ፋብሪካው ይሠራል። አንድ ወንድም አላት፤ ሩማኒ ይባላል። እሱ ወታደር ሆኖ ሲና በረሃ ሄዷል። መቼ ፈቃድ አግኝቶ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ደብዳቤውም ከመጣ ቆይቷል።

ያን ጊዜ ቤታቸው ምድር ቤት ብቻ ነበረው፤ እሱም የአያቷ ነው። እናቷ ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት በአማቷ ማድ ቤት ነው የሠራችው። ያም ማድ ቤት ከተባለ ነው። ምድጃው ደረጃው ሥር፣ ውኃው ግቢ ውስጥ፣ ጓዳው ደግሞ ጣራ ላይ፣ ከእርግቦቹ ቤት አጠገብ። ሽንኩርት ለማምጣት ዐሥራ ስምንት ደረጃ ይወጣል። ጨው ከተረሳ እንደገና ዐሥራ ስምንት።

አንድ ቀን አባቷ ከሥራ መጥቶ ጫማውን እያወለቀ፣ "ፎቁን ልንሠራ ነው። ላይኛው ማድ ቤት ያንቺ ነው። እንዴት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?" አላት እናቷን።

"እኔ?" አለች እናቷ።

"ታዲያ ማንን ልጠይቅ? እርግቦቹን?"

እናቷ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቷ ተጠይቃ አታውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አሰበች። ሩዝ ስትለቅም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

የውጪው ግድግዳ ቆመ። ወደ ባቡር ጣቢያው መንገድ የምታሳይ አንዲት መስኮት ወጣች። ከዚያ የውስጡ ተራ ሆነ። ልማዳችንን ታውቃላችሁ፤ ግንበኛ በወረቀት አይሠራም። ወለሉ ላይ ሲባጎ ይወጥርና ኖራ እያፈሰሰ ያሰምራል። የቤቱ እመቤት መስመሩ ውስጥ ገብታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እሷ "እሺ" ካላለች አንድ ጡብ አይቀመጥም።

ግንበኛው ዋኒስ ነበር፤ ስለ ሙያው ክብር ኡስታ ዋኒስ ይሉታል። ሽማግሌ ነው። የመንደሩን ግማሽ ቤት የሠራው እሱ ነው።

እናቷ ባዶ ድስት ይዛ ኖራው መሃል ገባች። "ጓዳው በሩ ጋ ይሁን፤ ከገበያ የመጣው ቶሎ ይገባል" አለች። "ከጓዳው ሁለት እርምጃ፣ ማጠቢያ ገንዳ። ከገንዳው ሁለት እርምጃ፣ ምድጃ። ልብስ የሚታጠበው ከወዲያ፣ ሳሙናው ወጥ ውስጥ እንዳይረጭ።" በባዶ እጇ ሽንኩርት ከተፈች። በባዶው ድስት አማሰለች። ዞር አለች፣ ተመለሰች። ኢሪኒ እናቷን እንዲህ ስትጫወት አይታት አታውቅም ነበር።

"የሩማኒ እናት፣ ጨው በዛ!" አላት ኡስታ ዋኒስ።

"ሳይቀምሱ?"

"ሽታው ነገረኝ።"

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ገንዳው ግን መስኮቱ ሥር ይሁንልኝ" አለች።

"ለምን?"

"ለብርሃን ነዋ።"

ከመስመሩ ወዲያ ለኢሪኒ የታሰበው ክፍል ነበር። አልጋ ያስገባል፣ ፀሐይ ግን አያስገባም። ኢሪኒ ደግሞ መስኮት ትመኝ ነበር። የምትተኛው ከአያቷ ጋር ባንድ አልጋ ነው፤ አያቷ ስታንኮራፋ የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረ ይመስላል። ዘወትር ዓይኗን ጨፍና የራሷን መስኮት ታስብ ነበር። ክርኗን ደፉ ላይ ታስደግፋለች። ባቡሩ ሲያልፍ ሰዎቹን ትቆጥራለች። አንድ ቀን እሷም ተሳፍራ አሌክሳንድሪያ ትሄዳለች።

በማግስቱ እናቷና አያቷ ሌላ መንደር ለአርባ ቀን መታሰቢያ ሄዱ። የሚመለሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ወሩ የአገዳ መቁረጫ ስለሆነ አባቷ ከፋብሪካው አይወጣም። በምሳ ሰዓት ኡስታ ዋኒስ ሊበላና ሊያሸልብ ቤቱ ሄደ። ሲባጎውን ሚስማሩ ላይ፣ ኖራውን በቆርቆሮ ትቶ ነው የሄደው።

ኢሪኒ ብቻዋን ፎቁ ላይ ወጣች። መስመሩ ላይ ቆማ መስኮቱን አየች። ሁለት ክንድ ብቻ ነው። መስመሩ ሁለት ክንድ ቢገፋ መስኮቱ የእሷ ይሆናል።

"ሁለት ክንድ ምን አላት?" አለች በልቧ። "ማድ ቤት አይደለም እንዴ? ድስት መስኮት አያይ!"

ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ። ፈተና ሲናገር የሚጠራው ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ነው።

መስመሩን በመጥረጊያ ጠረገችው። ሲባጎውን ነቅላ ወደ ማድ ቤቱ ሁለት ክንድ ገፍታ ወጠረችው። ኖራ በእጇ እየዘገነች አፈሰሰች። ኖራው መዳፏን አቃጠላት። ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሰማችና ደንግጣ ሲባጎውን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ኡስታ ዋኒስ ነበር። መስመሩን አየ። ራሱን አከከ።

"ሲባጎዬን የት ጣልኩት?" አለ። ቀጥሎም፣ "ኢሪኒ፣ ልጄ፣ መስመሩ እዚህ ነበር እንዴ?"

አሁን እውነቱን ብትናገር ሁሉም ነገር በአንድ መጥረጊያ ይስተካከል ነበር።

"አዎ አጎቴ፣ እዚሁ ነበር" አለችው።

"እንግዲህ ዓይኔም እንደ እኔ አርጅቷል" አለና ጡቡን ማስቀመጥ ጀመረ።

እናቷ ስትመለስ ግድግዳው ቆሟል። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው። የተናገረው አባቷ ነው።

"ኡስታ! መስኮቱ የት ሄደ?"

"በመስመሩ ነው የሠራሁት፣ ሙሪስ።"

"መስመሩ እግር አውጥቶ ሄደ?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። "ዓይኔ ከድቶኝ ይሆናል። አፍርሼ በነጻ እሠራዋለሁ" አለ።

"ተዉት" አለች እናቷ። "በስንት ድካም የቆመ ግድግዳ ነው። ኢሪኒም ልጅ ናት፤ ብርሃን ትፈልጋለች።"

የዚያን ዕለት ማታ የኢሪኒን እጅ አየች። መዳፏ ተሰነጣጥቋል። "ምን ነካው፣ ዓይኔ?" አለቻት። "የትምህርት ቤቱ ጠመኔ ነው" አለች ኢሪኒ። እናቷ የወይራ ዘይት አሞቀችና እያንዳንዱን ጣት ቀስ አድርጋ ቀባችላት። ኢሪኒ እጇን መንጠቅ ፈለገች። አልቻለችም።

የጣራውን ደረጃና ልብስ ማጠቢያውን ሌላ ግንበኛ ሠራው። መንደሩ ውስጥም፣ "ዋኒስ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ቤት አጣሞ ሠራ" ተባለ። ከዚያ በኋላ ለሥራ የሚጠራው ሰው ጠፋ።

ኢሪኒስ? መስኮቷን አገኘች። ሦስት ቀን ተደሰተች። በአራተኛው ቀን መስኮቱ የሚያሳየው ባቡሩን ብቻ እንዳልሆነ አስተዋለች። የኡስታ ዋኒስም ደጅ ይታያል። ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን ይቆጥራል። እንደገና ራቅ አድርጎ ይቆጥራል። ዓይኑን እየሞከረ ነበር። ኢሪኒ መጋረጃ ሰቀለች።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር አለፈ።

አንድ ረቡዕ የቤት አያያዝ መምህሯ፣ ተማሪዎቹ አብላ ኢንሳፍ የሚሏት፣ ለክፍሉ ሥራ ሰጠች። "ነገ እናታችሁ ስትሠራ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ" አለች። "የማድ ቤቱን ንድፍ ሣሉ። እናታችሁ ከቦታ ወደ ቦታ በሄደች ቁጥር መስመር አስምሩ፣ እርምጃዋንም ቁጠሩ። ጥሩ ማድ ቤት ማለት እናትን የማያደክም ነው።"

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ኢሪኒ ደብተሯን ይዛ በማድ ቤቱ ጥግ፣ ከሽንኩርቱ ዘንቢል አጠገብ ተቀመጠች።

"ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጪብኝ?" አለች እናቷ እየሳቀች። "የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ሆነሻል?"

"ዝም ብለሽ ሥሪ፣ እማ።"

ከጓዳው ገንዳው፣ ሁለት። ከገንዳው ምድጃው አራት፤ ቦታው ስለጠበበ በርጩማው እየተነሣ ነው የሚታለፈው። ኢሪኒ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። እናቷ ፊቷን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙራ ለወጥ የሚሆነውን የሙሉኪያ ቅጠል ታጥባለች።

ባቡሩ ጮኸ።

እናቷ ውኃውን ዘጋች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከማድ ቤቱ ወጣች፣ ኮሪደሩን አለፈች፣ የኢሪኒን ክፍል ከፈተች። መጋረጃውን ገልጣ በእግር ጣቷ ቆመች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ውኃውን ከፈተች። ሲሄዱ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሲመለሱ ዐሥራ ዘጠኝ።

ኢሪኒ ያን መስመር ደብተሯ ላይ የት እንደምታሰምረው ጠፋት። ከማድ ቤቱ ንድፍ ውጪ ነው።

"እማ፣ ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። አየር ልቀበል ብዬ።"

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሌላ ባቡር ጮኸ። እናቷ አሁንም ውኃውን ዘጋች። እንደገና ዐሥራ ዘጠኝ።

"እማ፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትሄጂ?"

እናቷ አፈረች። እንደ ልጅ ነው ያፈረችው። "ሩማኒ ከሩቅ በአረማመዱ ይታወቀኛል" አለች። "ግራ ትከሻውን ዘንበል ያደርጋል። ገንዳው መስኮቱ ሥር ቢሆን፣ እጄ ሥራ ላይ ዓይኔ መንገዱ ላይ ይሆናል ብዬ ነበር። የሚደርስበትን ቀን ስለማይጽፍ ነው። ተይው እንጂ፣ እግር አለኝ።"

ለብርሃን ነው ብላ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ?

ያን ማታ ኢሪኒ እራት አልበላችም። ደብተሯን ከፍታ ቁጥሮቹን አየቻቸው። ሠላሳ ስምንት፣ በቀን ሦስት ባቡር፣ ሰባት ወር። ደምራ መጨረስ አልቻለችም። ሲባጎው እስካሁን ፍራሿ ሥር ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነው፤ በአገራችን ዓርብ ትምህርት የለም። ኢሪኒ ሲባጎውን ይዛ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ወደ ኡስታ ዋኒስ ደጅ ሄደች። ሲባጎውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"አጎቴ፣ እኔ ነኝ መስመሩን ያዛወርኩት። ሲጠይቁኝም ዋሸሁዎት።"

ሽማግሌው ሲባጎውን በጣቶቹ ዳሰሰው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ "እንዲህ ከሆነ ዓይኔ ደህና ነው?" አላት።

"ደህና ነው፣ አጎቴ።"

"ዓይኔ ደህና ነው!" አለ። ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ በኩታው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። የዚያን ሽማግሌ እንባ ስታይ ኢሪኒ ቢመታት በወደደች።

አብረው ወደ ቤት ሄዱ። በአባቷና በእናቷ ፊት ሁሉንም ተናገረች፤ ኖራውን፣ ውሸቱን፣ ጠመኔውን። አባቷ እጁን አነሣ።

"ተው፣ ሙሪስ" አለ ኡስታ ዋኒስ። "በገዛ እግሩ የመጣ አይመታም።"

"የእርስዎን ስም አጥፍታ? ለመንደሩ ምን ልበል?"

"'ጥፋቱ ከቤቴ ነው፣ ዋኒስ ልክ ነበር' በል። ይበቃኛል። የልጅቷን ስም አትጥራ።"

አባቷ እጁን አወረደ። "ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሁሉም ፊት እናገራለሁ" አለ። "ግድግዳውንም እርስዎ ነዎት የሚያፈርሱት፣ እርስዎ ነዎት የሚሠሩት።"

እናቷ የኢሪኒን መዳፍ ገልብጣ አየችው፤ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

ሁሉም ፎቁ ላይ፣ ወደ ኢሪኒ ክፍል ወጡ። ኢሪኒ አልጋዋን ራሷ ገፋች፣ መጋረጃዋንም ራሷ አወረደች። ኡስታ ዋኒስ ግድግዳውን ከማፍረሱ በፊት ሲባጎውን እንደ ድሮው ወጠረና የኢሪኒን እጅ በጨርቅ ጠቀለለላት። "ኖራውን አንቺ አፍስሺ" አላት። ቀስ ብላ፣ ሳታዛንፍ አፈሰሰች፤ መስመሩ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ላይ።

ያኔ የጠዋቱ ባቡር ጮኸ። እናቷ አንድ እርምጃ ተራምዳ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ገንዳው ገና ባይኖርም እጇን እንደሚያጥብ ሰው ዘረጋች። ከጣቢያው በሚመጣው መንገድ ላይ አንዲት አሮጊትና አንድ አህያ ብቻ ነበሩ። እናቷ ግን ከቦታዋ ሳትንቀሳቀስ፣ መንገዱ ጭር እስኪል አየች። ኢሪኒም አጠገቧ ቆማ አብራት አየች።

ልጆቼ፣ የሌላውን ድርሻ በስውር የወሰደ ሰው፣ ወጥቶ እውነቱን እስኪናገርና እስኪመልሰው ድረስ፣ ያገኘው መስኮት ብርሃን አይሰጠውም።