በደም የተሳለችው ዓይን

ገዳዩን ያስያዘችው አንዲት ዓይን ናት! በደም የተሳለች ዓይን! ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሠዓሊው ጋሽ ደበበ እሁድ ዕለት ዲላ ገበያ፣ ከሀጅራ ጨርቅ ሱቅ ጓሮ ሞቶ ተገኘ። ሞቶ ስላችሁ ዝም ብሎ እንዳይመስላችሁ። ጉሮሮው ታርዷል፣ የገዛ ብሩሹ እጀታ ደግሞ ግራ ዓይኑ ውስጥ እስከ ግማሽ ተሰክቷል። ያገኘው ማን መሰላችሁ? አባባ! ከሚሽን ጸሎት ሲመለስ። ወዲያው እሱኑ አሰሩት! ለካ ባለፈው ሳምንት ጋሽ ደበበ «ከመሬትህ ጌታ ጋር ልሳልህ» ቢለው «ፊቴን እዚያ ሥዕል ላይ ካደረግከው ከመሬቴ ይነቅሉኛል፣ ገደልከኝ በለኝ!» ብሎ ሲጮህበት ገበያው ሁሉ ሰምቷል። በቃ፣ ስቅላት ነው አሉ።

ሥዕሉን ብታዩት! ግድግዳውን ሞልቶታል። የመሬታችን ጌታ ፊታውራሪ ገሪማ አባባን እንደ በቅሎ ኮርቻ ጭነው ተቀምጠውበታል፣ ጸሐፊያቸው ጽጌማርያም ልጓሙን ይጎትታል። ጋሽ ደበበ ሰኞ ገበያ ሲሞላ ሊገልጠው ነበር ያሰበው። እስከዚያ በሸራ ጋርዶ ነው የሚስለው፣ ማንም አላየውም፤ አባባ ሬሳውን ሲያገኝ ግን ሸራው ተገልጦ ነበር።

ከአዋሳ የተላከው መርማሪ ሻምበል ይርጉ እዚያው እሁድ ገና ፀሐይ እያለ ደረሰ። ግድግዳው ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ዝንቦቹን እዪያቸው» አለኝ፤ ለአባባ ልለምነው ተከትዬው ነበር።

ወይኔ! ሁሉም የጽጌማርያም አንዷ ዓይን ላይ ብቻ ተከምረዋል። ሌሎቹ ዓይኖች ጥቁር ናቸው፣ እሷ ግን ቡናማ!

ከዚያ አባባን እስር ቤት ሄዶ ጠየቀው፤ እኔ እራት ይዤለት ቆሜያለሁ።

«ባልቻ፣ ሥዕሉ ምን ይጎድለዋል?»

«ፊታውራሪ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው ጌታዬ። ቀለም አልቆበት ነው ብዬ። እኛ ሚሽን ቤት ሥዕል የለም።»

«ጽጌማርያምስ?»

«እሱስ ሁለት አለው።»

ሻምበሉ ፈገግ አለ። ሄዶ ሸራውን መልሶ ጋረደ፣ ፖሊስ አቆመበት።

ሰኞ ሀጅራን፣ ፊታውራሪንና ጽጌማርያምን ሸራው ፊት ሰበሰበ። አባባን በካቴና አመጡት።

«ሀጅራ፣ ሰውየውን ማን ፈቀደለት?»

«ግድግዳዬን ያሳምርልኛል ብዬ! ወላሂ እኚህን ሰውዬ እንደሚስል ባውቅ በመጥረጊያ ነበር የማባርረው!» ፊታውራሪ አጠገቧ መቆማቸው ትዝ ሲላት አፏን በሻሿ ያዘች።

«አቶ ጽጌማርያም፣ እርስዎስ አይተውታል?»

«የት አይቼው! ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።»

«ያሳዝናል። እርስዎን እንኳ በክብር ነው የሳለዎት።»

«የምን ክብር! እንደ ይሁዳ በአንድ ዓይን ሠርቶኝ ነው ክብር?»

ሻምበሉ ሸራውን ግልጥ አደረገው። ጽጌማርያም ሁለት ዓይን አለው!

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ኃጢአተኛ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን» አለ ሻምበል ይርጉ። «ይህንን ባልቻ አያውቅም፣ ሀጅራም አታውቅም። እርስዎ ግን ሸራውን ገለጡ፣ ራስዎን ከኃጢአተኞች ጋር አገኙት፣ ሰውየውን አረዱት። እሱንም ባለ አንድ ዓይን አደረጉት። ከዚያ ጣትዎን ደሙ ውስጥ ነክረው ለራስዎ ዓይን ጨመሩ። ዝንቦቹ ነገሩኝ። አንድ ዓይን ብቻ እንደነበረዎት የሚያውቁት ሟችና ገዳዩ ብቻ ናቸው።»

«አንተ ውሻ!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ። «ለራስህ ዓይን ስትጨምር የኔን ረሳኸው?»

ኧረ ሳቄ ሊያመልጠኝ! ጽጌማርያም ሊሮጥ ሲል ፖሊሱ በሰደፍ አፉን አለው፤ ጥርሱ ከነደሙ እግሬ ሥር ወደቀ። ሳቄ ጠፋ።

ፊታውራሪ ግን ወዲያው ተረጋጉ። ከአውራጃው ገዥ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል ለካ። «ስሜ ፍርድ ቤት አይነሳም፣ ሥዕሉ ከሌለ ማስረጃም የለም፣ ጽጌማርያምም ነፃ ነው» አሉ። የኖራ ባልዲ አስመጡና ብሩሹን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ቅቢው። ከቀባሽ አባትሽ ዛሬ ቤቱ ያድራል። እምቢ ካልሽ ገዳዩ እሱ ነው።»

ሻምበል ይርጉ መሬት መሬት ያያል። «ትእዛዙ ከላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አባባ ከነካቴናው አጠገቤ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ያለው አባባ ደግሞ፣ ከነኮርቻው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ አፍጥጦ ያየኛል። ጋሽ ደበበ የሞተው ለነዚያ ዓይኖች ነው። ኖራው ከብሩሹ ጫማዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

እናንተ ብትሆኑ ትቀቡታላችሁ?