የአንድ ሰማይ ሁለት እረኞች

የበረራ መቆጣጠሪያው አለቃ ከራዳር ክፍሉ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። መነጽሩ ታጥፎ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። ኢንስፔክተሯ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሊፍት የሌለው ሕንፃ የሠራውን ሰው በሆዷ ስትረግም ቆይታ ዓይኗ መነጽሩ ላይ ቀረ።

«ተገፍቶ ነው። የገፋችውም ልጁ ናት» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ጠዋት ሥራ ልልቀቅ፣ አትለቂም ሲጨቃጨቁ ዘበኛው ሰምቷል። ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት።»

«ከአባቱ ጋር የተጨቃጨቀ ሁሉ ከታሰረ እስር ቤቱ አይበቃንም» አለች።

ቢሆንም ነገሩ ለልጅቷ ከባድ ነበር። ከሟቹ ሌላ በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷ፣ የራዳር ተቆጣጣሪውና የጦሩ ሻምበል። ወንዶቹ ሥራ ላይ እንደነበሩ ይናገራሉ። እሷ ግን የራዲዮ ቴክኒሽያን ስለሆነች ከደረጃው አጠገብ ባለው ክፍሏ በሯን ዘግታ ከሚጮሁ ማሽኖች ጋር ነበረች፤ ማሽን ደግሞ አይመሰክርም። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቀራት እሱ ብቻ ነው። አሁን እሱንም አጥታ በደሙ ልትጠየቅ ነው።

«ልጄ፣ አባትሽ ያለ መነጽር ደረጃ ይወርዳል?»

«ያለ መነጽር በሩንም አያገኘው» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ አብጧል። «የሚያወልቀው ሰው ሲቆጣ ብቻ ነው። ፊት ካየሁ አንጀቴ አይችልም ይላል። ጠዋት እኔን ሲቆጣም አውልቆት ነበር።»

ምስኪን በገዛ አፏ ገመዱን እያጠበቀች እንደሆነ አልገባትም። ፖሊሱ ካቴናውን ዳሰሰ።

የራዳር ተቆጣጣሪውን ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም ስለማይል ነው። ዛሬም አላለም።

«ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም» አለ። «ለጦሩ ልምምድ ሲባል ሰማዩ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቷል። የነበሩኝ ሁለት ተዋጊ ጄቶች ናቸው። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጌ እየጠበቅኋቸው ነበር። ዓይኔን ብነቅል ኖሮ ይጋጩ ነበር።»

«በተቀዳው የራዲዮ ድምፅ ላይ ግን ሲያነጋግሯቸው አልተሰማም።»

«በታዘዙበት ከፍታ እስከበረሩ ድረስ ምን ያናግረኛል? የሚሠራው ዓይን ነው።»

በጠረጴዛው ላይ የበረራ ሰሌዳዎች መደርደሪያ አለ፤ ለአንድ አውሮፕላን አንድ የፕላስቲክ ሰሌዳ። ሁለት ሰሌዳዎች ከረድፋቸው ወደ ጎን ወጣ ብለው ተቀምጠዋል። ክፍሉ ሬሳው እንደተገኘ ስለተዘጋ የነካቸው ሰው የለም። ኢንስፔክተሯም ሳትነካቸው ወጣች።

ሻምበሉ ቢሮው ከታች ነው፤ የራሱ ራዲዮ አለው።

«ከልጆቼ፣ ከአብራሪዎቹ ጋር እያወራሁ ነበር። ድምፄ ተቀድቷል፣ ያዳምጡት» አለ።

«ምን ያወሩ ነበር?»

«እንዳይጋጩ እያለያየኋቸው ነዋ! ተዋጊዎች ሲለማመዱ ተጠጋግተው ነው፤ የሲቪሉ ተቆጣጣሪ የሚያዘው ርቀት ያንቃቸዋል። ስለዚህ ለራዳር ክፍሉ ደውዬ ‹ኃላፊነቱን ወስደናል› እላለሁ፤ ዛሬም ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ቢጋጩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪው ሰሌዳቸውን ከረድፉ ወጣ ያደርግና ያርፋል። የቆየ ልማዳቸው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ወደ ራዳር ክፍሉ አስጠራች።

«ሟቹ መነጽሩን ያወለቀው ሰው ሊቆጣ ነው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ አዳልጦት አልወደቀም፤ ቆሞ እየተናገረ ነበር። ከማን ጋር? ሻምበሉ እንዳልሆነ የተቀዳው ድምፁ ይናገራል። ልጅቷ ትሆን ብዬ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰዎች እነዚያኑ ሁለት ጄቶች በአንድ ጊዜ ስንጠብቅ ነበር አሉኝ። ለሁለት በግ ሁለት እረኛ ማን ይቀጥራል?»

«ሻምበሉ አልደወለልኝም» አለ ሚዛን።

«አፍዎ አልሰማሁም ይላል፤ እጅዎ ግን ሰምቷል።» ወደ መደርደሪያው ጠቆመች። «ሻምበሉ ሲደውል እንደ ልማድዎ ሰሌዳዎቹን ወጣ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቁት አውሮፕላን አልነበረዎትም። ንጹሕ ሰው ‹ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር› ቢለኝ ምን ይጎዳዋል?»

ሻምበሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት ኃላፊነቱን ከመውሰዴ በፊት እሱ ልጆቼን በአንድ ከፍታ ላይ አገናኝቷቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ለአለቃው ነግሬው፣ ዛሬ አነጋግረዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

ሚዛን ወንበሩን በእጁ ደገፍ አለ። «ከዚህ ወንበር አነሳሃለሁ አለኝ። ወጥቶ ሲሄድ ደረጃው አናት ላይ ደርሼ ለመንኩት፤ ቆሞ መነጽሩን አወለቀ። ክንዴን ሲይዘኝ መነጨቅኩት፤ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ልጅቷ ግን ቀደመችው፤ ሚዛን ፊት ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሲወድቅ ነፍስ ነበረው?»

ሚዛን ኢንስፔክተሯን አያት። እሷ ሐኪሙን አነጋግራለች፤ መልሱን ታውቀዋለች። እንዲናገር ግን ለእሱ ተወችለት።

«ነበረው» አለ በመጨረሻ። «ስሜን ጠራኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከወንበሬ መነሳቴ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቷ ባዶውን ራዳር አየችና ወደ እሱ ተመለሰች።

«እኔ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ፣ ጋሼ» አለችው። «በሩን ብትከፍተው ይበቃ ነበር።»