ማማ ኪደንን ቤታቸው ያደረሳቸው ማን ነው?

ስለ መንፈስ ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ጸበል ሂድ ስትለኝ እንኳን መጀመሪያ ሐኪም ልይ የምል ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን የማወራችሁ ወሬ ጠምቶኝ እንዳይመስላችሁ።

ጁባ ሚኒባስ እነዳ ነበር፣ ከጉምቦ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለውስጥ አልፌ ገበያ ድረስ። የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አዲሱ አስፋልት ተሠርቶ አለቀና መስመራችን ተቀየረ፣ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ የተገኘ ሹፌር ከተራ ይታገዳል ተባለ። ሁላችንም ደስ አለን፣ ከማማ ኪደን በቀር። ማማ ኪደን ጉምቦ የደረቀ ዓሣ የሚሸጡ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው አሮጊት ናቸው፣ ቤታቸው ጁባ ና ባሪ ስለሆነ በድሮው መስመር በራቸው ላይ ነበር የማወርዳቸው። "ወራጅ አለ" ማለትንም በአማርኛ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

መስመሩ ከተቀየረ በኋላም ሰረቅ እያደረግኩ አደርሳቸው ነበር። አንድ ቀን ግን፣ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ሲወርድ፣ ተራ አስከባሪው መታጠፊያው ላይ ቆሞ አየሁትና ፈራሁ፣ አስፋልቱ ላይ አወረድኳቸው። ባዶ ሳፋቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ቀሩ። ረዳቴ ምስክሬ ነው፣ እስከዛሬ ይወቅሰኛል።

ሕሊና መቼ ያስቀምጣል፣ ገበያ ተሳፋሪ አራግፌ ብቻዬን ተመለስኩ። የሉም። መኪናዬን አስፋልቱ ላይ ትቼ በእግሬ ጭቃውን ገባሁበት። መሃል ስደርስ ከፊቴ የመኪና በር ሲከፈት ሰማሁ፣ እመኑኝ፣ የኔ መኪና በር እንዴት ሲጢጥ እንደሚል እኔ አላጣውም። ቀጥሎ የማማ ኪደን ድምፅ፣ "ወራጅ አለ"።

ሮጬ ስደርስ መኪና የለም፣ እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀሚሳቸው ደረቅ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ሹክራን ልጄ፣ በር ድረስ አመጣኸኝ። ግን ምነው መንገዱን ሙሉ ዝም አልክ?"

እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምስጋናው ጣመኝ፣ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም አይደል" ብዬ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ፍሬኔ ተበላሽቶ ኮሎሎ አካባቢ ጋራዥ ሁለት ቀን ቆምኩ። በሁለተኛው ቀን የማማ ኪደን ልጅ ፖኒ ረዳቴን አስከትላ መጣች። እናቷ ትናንት ከጉምቦ በኔ መኪና ተሳፍረው ቤት እንዳልገቡ ነገረችኝ። መኪናውን አሳየኋት፣ ሁለት ቀን ሊሞላው ነው፣ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዞር ዞር ብላ አየችው፣ መካኒኩንም ጠየቀችው።

"እጇን ይዘህ ስታስገባት አይቻለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሰላም ብልህ ዝም አልከኝ። እሷ ግን፣ ይሄ ልጅ በዝናብ እንኳን አልጣለኝም ብላ ነው የገባችው።"

ፖሊስ ፈለገ፣ እኛም ወንዙ ዳር ድረስ ፈለግን፣ ማማ ኪደን አልተገኙም። ፖኒ ዛሬም አታምነኝም፣ አልፈርድባትም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ መኪና የማን እንደሆነ አለማወቄ አይደለም፣ ያን ቀን በረንዳው ላይ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ሁለተኛ አይሳፈሩበትም ነበር።